በር፣ ጎማ፣ ጫፍ፣ ነጻ

ቨርሎን ስቴሚ ወንድሙን ይወድ ነበር። ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ፤ በኋላ የምነግራችሁን ሰምታችሁ «ድሮም ደመኛው ነበር» እንዳትሉኝ። ታናሹ ኮይ በዳዴ ሳለ አዝሎ ያሳደገው እሱ ነው። በአባታቸው አሮጌ ፒካፕ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስያዘውም እሱ ነው። አሥር ዓመት ይበልጠዋል። ደግሞስ ሰው በሚጠላው ይቀናል እንዴ? የሩቁ ሰው ቢከብር ቢነግሥ ማን ጉዳዬ ይላል? ቅናት የሚገባው ከአንድ ማዕድ በበሉ ሰዎች መካከል ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሎረል ጋፕ የመኪና ውድድር ሜዳ «አርባ ሰባት» ከተባለ ቨርሎን ማለት ነበር። ብርቱካንማ ቀለም የተቀባችው፣ ጎኗ ላይ 47 የተጻፈባት መኪና ወደ መጀመሪያው መታጠፊያ ስትገባ ሕዝቡ የተጠበሰ ቦሎኛ ሳንድዊቹን እንደጎረሰ ብድግ ይል ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጎማ ፈነዳና ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ስድስት ሳምንት አንዱን ነገር ሁለት እያየ ተኛ። ዓይኑስ ተመለሰ፤ እንዲያውም ሐኪሙ «የጭልፊት ዓይን ነው ያለህ» ብሎታል። ጭንቅላቱን ግን «አንድ ምት ከደገመህ መቃብርህን አስቆፍር» አለው። በቃ፣ መንዳት ቀረ።

መኪናዋ የሚስተር ኤልሮድ ነበረች። ሚስተር ኤልሮድ የእንጨት መሰንጠቂያ ያለው፣ ትንባሆ ከጉንጩ የማይጠፋ፣ ነገር ማለሳለስ የማይችልበት ሽማግሌ ነው።

«ቨርሎን፣ ለጊዜው ኮይን ላስቀምጠው» አለ።

«ለጊዜው ከሆነ ምን ከፋኝ» አለ ቨርሎን።

ኮይ በሦስተኛው ውድድሩ አሸነፈ። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ያነሳት ሰው የለም።

ቨርሎን ደግሞ ጣሪያው ላይ ወጣ። እኛ ጋ ነጂ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ትከሻውና ወገቡ በቀበቶ ተወጥሮ፣ መስኮቱ በመረብ ተሸፍኖ ነው የሚነዳው። ፊቱን እንጂ ጎኑን አያይም። ሌላው መኪና ደግሞ ክንድ በማትሞላ ርቀት አጠገቡ ይጋልባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጂ ከተመልካቹ መቀመጫ በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ በሬዲዮ የሚያይለት አንድ ሰው አለው። ቨርሎንና ኮይ አራት ቃል ነበራቸው። «በር» ካለው ሌላው መኪና በሩ አጠገብ ነው። «ጎማ» ካለው ወደ ኋላ ጎማው ወርዷል። «ጫፍ» ካለው የሌላው መኪና አፍንጫ ከኮይ መኪና ጭራ ጫፍ ገና አልለቀቀም፤ ለማለፍ ትንሽ ቀርቶታል። «ነጻ» ካለው አልፎታል፣ ፊቱ ይግባ። ነጂ «ነጻ»ን ሳይሰማ መሪ አያዞርም። ይህ በእኛ ዘንድ ሕግ ነው፤ የጣሪያ ሰውህን ካላመንክ ቤትህ ቁጭ ብለህ በቆሎህን ኮትኩት።

የመጀመሪያው ዓመት በደህና አለፈ። ቨርሎን ያያል፣ ኮይ ይነዳል፣ ያሸንፋሉ። «ያሸንፋሉ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጋዜጣው ላይ የሚወጣው የኮይ ፎቶ ነው። ነዳጅ ሊቀዳ ሲቆም ሰዎች «አንተ የኮይ ወንድም አይደለህ?» ይሉታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን ሲጮኹ የኖሩ ሰዎች! ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት የነበረውን የቨርሎንን ሥዕል አውርዶ በዚያው ምስማር የኮይን ሰቀለ። ቨርሎን ፀጉሩን እያስቆረጠ በመስታወቱ ያንን ሲያይ አንጀቱ አረረ። ሆኖም ዋጠው። ሆድ ይፍጀው አለ።

የማይዋጠው የመጣው ከእናቱ ቤት ነው። እናታቸው ሚስ አይኔዝ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ታበላቸዋለች። በዚያ ገበታ መስኮቱ ሥር አንድ ባለ ክንድ ወንበር አለ። አባታቸው ለውድድር በነዳበት ዘመን የአባታቸው ነበር፤ እሱ ሲሞት የቨርሎን ሆነ። ማንም «የነጂው ወንበር ነው» ብሎ አያውቅም፤ ግን ነበር። በየካቲት መጨረሻ ቨርሎን እንደልማዱ ሊቀመጥበት ሲል እናቱ የዶሮውን ሳህን እንደያዘች፣

«እስቲ ለኮይ ልቀቅለት ልጄ፣ ትናንት መኪናዋን ሲሞክር ውሎ ወገቡን ይዞታል» አለች።

«ኧረ ተይው እማዬ፣ እዚህ ይመቸኛል» አለ ኮይ።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ ስልህ!»

ኮይ ተቀመጠ። ቨርሎን በሩ አጠገብ ካለችው፣ እግሯ ከሚወላገደው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዶሮው እንደ መጋዝ ዱቄት ሆነበት። እናቲቱ ምንም አላሰበች፤ የወገብ ነገር ነው ያየችው። ቅናት የያዘው ሰው ግን ቃል ሲሰማ ሚዛን ይዞ ነው። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲነዳ ለብቻው «ወንበሩንም፣ ወንበሩንም!» እያለ ሄደ።

መጋቢት ላይ ውድድሩ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ መዘግየት እንደው አጋጣሚ ነበረች። ቨርሎን የተቀቀለ ኦቾሎኒ እያኘከ ነበርና «ነጻ» ሊል ሲል ፍሬው ጉሮሮው ላይ ቆመ። ዋጠ፣ ከዚያ ተናገረ። በዚያች በአንዲት ትንፋሽ ኮይ የሚገባበት ክፍተት ተዘጋና ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ወረደ። አጠገቡ የቆመው ፐርቪስ፣ የአሥራ አንድ ቁጥር መኪና የጣሪያ ሰው፣ «እሰይ! ወንድምህ ዛሬ ተኝቷል!» ብሎ ሳቀ። ቨርሎንም ደስ አለው። ደስታው ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ ብቻ ሞቅ አለው፣ በብርድ ቀን ትኩስ ሾርባ እንደጠጣ ሰው። ወዲያው ደነገጠ። ቀና ብሎም ማንም እንዳላየው አረጋገጠ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አፉ ውስጥ ኦቾሎኒ አልነበረም።

«አልዋሸሁትም እኮ» ይል ነበር ለራሱ። እውነቱን ነው፤ «ነጻ» ሳይሆን «ነጻ» ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለው ይገድላል። እሱ የሚያደርገው እያንዳንዷን ቃል አንድ ትንፋሽ ማስቆየት ነው። መዘግየት ማንንም አይገድልም፤ ቦታ ያሳጣል እንጂ። ከዚያ በላይ እንዳያዘገይ ደግሞ ፐርቪስ አለ፤ ጆሮው ቀጭን ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ያቺኑ አንድ ትንፋሽ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! ይህን ያህል ጥንቃቄ ለደግ ነገር አውሎት ቢሆን ቅዱስ ይሆን ነበር።

ሚያዝያ ላይ ኮይ አራተኛ፣ ስድስተኛ፣ አምስተኛ ወጣ። ሚስተር ኤልሮድ ትንባሆውን ተፍቶ «ልጄ፣ እጅህ ላይ ምን ወጣ?» አለው። ፀጉር አስተካካዩ ቤት «የጀማሪ ዕድል ነበር» ተባለ። ቨርሎን ይህን ሁሉ ሲሰማ ፊቱን አኮሳትሮ «ጊዜ ስጡት፣ ገና ልጅ ነው» ይላል። ጠበቃ ሆኖለት! ማታ ደህና እንቅልፍ ይተኛ ጀመር።

አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው ጎማ ሲፈቱ ኮይ ቀና ሳይል ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ዓይንህ እንዴት ነው?»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«አይ… ምንም። ጣሪያው ላይ ፀሐዩ ይከብዳል ብዬ ነው።»

«እኔን ነው ፀሐይ የሚከብደኝ? አንተ ጡት ስትጠባ እኔ በዚህ ፀሐይ ስነዳ ነበር!»

«እሺ በቃ፣ አትቆጣ» አለ ኮይ፤ ጎማውን መፍታቱንም ቀጠለ። በሳምንቱ ጥቁር መነጽር ገዝቶ መጣለት። ቨርሎን መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ለአሮጌ በቅሎ የሚደረግ ርኅራኄ መሰለው፤ እንዲያውም ባሰበት።

ከዚያ ሰኔ ገባ፤ ከሰኔ ጋር ጉድ መጣ። ኮይ ማሸነፍ ጀመረ።

ቨርሎን ያቺኑ አንድ ትንፋሽ ያዘገያል። ኮይ ያልፋል። ቨርሎን ያዘገያል፤ ኮይ በጠባቡ ሾልኮ ይገባል፣ ልክ ሰው የራሱን ቤት በር እንደሚገባ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት ውድድር በተከታታይ! ፐርቪስ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ያካል።

«አንተ ቨርሎን፣ ወንድምህ ላባ አበቀለ እንዴ? እስቲ ለእኛም ልጅ ሁለት ሦስት ላባ ወርውሩለት!»

«ዕድል ነው» አለ ቨርሎን።

«ዕድልስ አንድ ቀን ነው። ይሄ ተሰጥኦ ነው፣ አትካድ!»

ያ «ተሰጥኦ» የሚሉት ቃል ቨርሎን ጎድን ሥር ገባና እዚያው ቀረ። አስቡት እንግዲህ፤ ሰውዬው እግሩን በገመድ አስሮታል፣ የታሰረው ግን ከሁሉ ቀድሞ ይሮጣል። እሱ ራሱ ባልታሰረ እግሩ በአሥራ አንድ ዓመት አራት ውድድር በተከታታይ አሸንፎ አያውቅም። «እኔ ያልተሰጠኝ ምን ነበር?» እያለ ሌሊቱን ይገላበጣል። «ከአንድ ማኅፀን ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ ለእሱ ሁሉን ለእኔ ይህን ጣሪያ!» ዓይኑ ደም ለበሰ፣ ከሳ፣ እህል አስጠላው። ሚስ አይኔዝ እሁድ እሁድ ፊቱን እያየች ዝም ትላለች። አንዳንዴ በሩ ላይ ስትሸኘው ጉንጩን ይዛ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። እሱ ደግሞ «ታዝንልኛለች፣ ለተረሳው ልጇ» ብሎ ይበግናል።

ወሬው ተራራውን ተሻግሮ ቻርሎት ከተማ ደረሰ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ቀን፣ ከትልቆቹ የውድድር ቡድኖች የአንዱ ሰው፣ ሚስተር ፕሬስኮት ሄይል የሚባል፣ የተወለወለ ጫማ አድርጎ ሎረል ጋፕ ሜዳ ላይ ተገኘ። ኮይን ሊያይ ነው የመጣው። ኮይ ዛሬ ደህና ከነዳ ለመጪው ዓመት በትልቁ ውድድር፣ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን በሚያየው፣ መቀመጫ ያገኛል። የእኛ ሰፈር ልጅ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ሕዝቡ ከጠዋቱ ጀምሮ ሜዳውን ሞላው።

ቨርሎን ከጋራዡ ጀርባ ቀዝቃዛ ሻይ የሞላ ሳጥን ተሸክሞ ሳለ ሚስተር ኤልሮድና ሰውዬው መጡ።

«እሱ ነው» አለ ሚስተር ኤልሮድ፣ «ታላቁ።»

ሚስተር ሄይል እጁን ዘረጋ። «ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ። ለወንድምህ መቀመጫውን ስነግረው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለ፣ እርስዎና አንተን እያደባለቀ፣ እንደ ከተማ ሰው። «‹ቨርሎን ጣሪያው ላይ ከሌለ አልመጣም› አለኝ። ‹ልጄ፣ እኛ የራሳችን ሰዎች አሉን› ብለው፣ ‹እንግዲያው ሌላ ነጂ ፈልጉ፤ እኔ የማየው በሱ ዓይን ነው› አለኝ። በዕድሜዬ መቀመጫ እምቢ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም።»

«እልኸኛ ነው» አለ ሚስተር ኤልሮድ፣ ኩራት በኩራት ሆኖ።

ቨርሎን የሻይ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ። ሰዎቹ ሲሄዱ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆመ። ሰባት ወር ሙሉ ምን ነበር ያደረግሁት? ይህን ልጅ ነው? እኔ በሱ እግር ላይ ገመድ ስቋጥር፣ እሱ ትልቁን በር አንኳኩቶ «ወንድሜም ይግባ» ይላል! አለቀሰ። ከአንጀቱ ነው ያለቀሰው፣ እኔ ስለ እሱ እመሰክራለሁ። እዚያው ቆሞ ማለ፤ ዛሬ እያንዳንዷ ቃል በሰዓቷ ትወጣለች፤ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ትንፋሽ አልሰርቀውም።

ንስሐ ገባ። ግን ለብቻው ገባ፤ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። ኮይ መኪናዋ ውስጥ በቀበቶ ሲታሰር ሄዶ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት? «ስዘገይብህ ነበር፣ ዛሬ አልዘገይም» ቢል ምን ይውጠው ነበር? ኀፍረት ግን ምላሱን ያዘው። ንስሐው ታየው እንጂ ኃጢአቱን መናገር አልሆነለትም።

«ዛሬ በደንብ አይልሃለሁ» አለ ብቻ።

ኮይ ከራስ ቁሩ ውስጥ ፈገግ አለ። «ሁልጊዜም ታይልኛለህ፣ ወንድሜ። ውጣ በል፣ ፐርቪስ ጥሩውን ቦታ ሳይዝብህ።»

ቨርሎን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወጣ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

መቶ ሃምሳ ዙር ነበር። ኮይ ከሁሉ ፊት ነው የተነሳው፤ ከፊትም አልወረደ። መቶ ሃያ ስምንት ዙር ማንም ጎኑ አልደረሰም። ቨርሎን «ብቻህን ነህ፣ ንዳ፣ ብቻህን ነህ» ከማለት በቀር ሥራ አልነበረውም። ሚስተር ሄይል ከታች ጆሮው ላይ ሬዲዮ ሰክቶ የሁለቱን ንግግር ይሰማል፤ እኛ ጋ ማንም ሰው የፈለገውን ነጂ በሬዲዮ መስማት ይችላል። ከዚያ አንዱ መኪና ዘይት አፈሰሰና ሁሉም ቀስ ይበል የሚል ቢጫ ባንዲራ ወጣ። ሁሉም ጎማ ሊቀይር ገባ። የሚስተር ኤልሮድ ሰዎች አንዱን የጎማ ብሎን ስተው ዘገዩና ኮይ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። ፊቱ የፐርቪስ ነጂ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ነው።

«አሁን እናያለን፣ ባለ ላባው!» አለ ፐርቪስ።

ውድድሩን የሚያስቀጥለው አረንጓዴ ባንዲራ ሲውለበለብ ኮይ በውጭ በኩል አፍንጫውን አስገባ። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሁለተኛውን መታጠፊያ ወጡ። ሕዝቡ ተነሳ። ቨርሎን የሩቅ ማያ መነጽሩን ጥሎ በዓይኑ ብቻ ያያል፤ ዓለም ሁሉ ጠርታ ታየችው።

«በር» አለ። በትክክል በሩ ላይ ነበር። «በር… በር…»

ኮይ ገፋ።

«ጎማ።» በትክክል ጎማው ላይ። እንዲህ አጥርቶ ተናግሮ አያውቅም፤ ቃሏ ከዓይኑ ወደ አፉ ሳትቆም ነው የምትወርደው። ደስ አለው። ጥሩ ሰው መሆን ደስ ይላል።

«ጫፍ» አለ።

ኮይ መሪውን አዞረ።

«ነጻ» የምትለዋ ቃል ገና ምላሱ ላይ ነበረች። የአሥራ አንድ ቁጥር አፍንጫ ገና አልለቀቀም ነበር። የብርቱካንማዋ መኪና ጭራ ተጠለፈ፤ ዞረች፤ በጎኗ ሄዳ በነጂው በር በኩል ግድግዳውን መታችው። ድምፁ ከጣሪያው ደረሰ። ከዚያ ሬዲዮው ውስጥ የኮይ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ምን ነካው?» ጮኸ ፐርቪስ። «አላለፈም እኮ! ‹ነጻ› ሳትለው ገባ!»

ቨርሎን ደረጃውን ይወርድ ነበር። ወደ ሜዳው ሲሮጥ ኮይን በቃሬዛ ሲያወጡት አየ፤ ራስ ቁሩ ወልቋል፣ ይናገራል፣ ሕያው ነው። ግራ እጁ ግን ከክርኑ በታች በማይታጠፍበት ታጥፏል። ወደ ሕክምና ክፍሏ ሲያስገቡት ቨርሎን በሩ ላይ ደረሰ፤ ሚስተር ሄይል ትከሻውን ያዘው።

«ሬዲዮውን ሰምቻለሁ» አለ። «አንተ ምንም ጥፋት የለብህም። ቃልህ እንደ ሰዓት ነበረች። የጣሪያ ሰውን ቃል የማይጠብቅ ነጂ ግን እኔ አልፈልግም፤ ሰው ይገድላል። ያሳዝናል። አንተ ግን…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «እንዲህ ያለ ዓይን በቀላሉ አይገኝም። ሰኞ ደውልልኝ። ለሌላ ነጂያችን ሰው እንፈልጋለን።»

እውነቱን ልንገራችሁ? ለአንዲት አፍታ የቨርሎን ልብ ዘለለች። ወንድሙ እጁ ተሰብሮ እዚያ ተኝቶ፣ የእሱ ልብ «እኔን! እኔን መረጡ!» ብላ ዘለለች። እንዲህ ያለ ልብ ወዲያ! ግን ዘለለች፤ እሱም ተሰማው፣ እፍረቱም ተከትሎ ተሰማው። «ኮይ ለምን ገባ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ መጣ። ያ ልጅ ቃል ሳይጠብቅ ገብቶ አያውቅም።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ነርስ። ነርሷ የኮይን እጅ በእንጨት አስራ አምቡላንስ ልትጠራ ወጣች። ኮይ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል፤ ወንድሙን ሲያይ ግን ቀና ሊል ሞከረ።

«ተኛ፣ ተኛ» አለ ቨርሎን።

«ሚስተር ሄይል ምን አለ?»

«ተወው አሁን።»

«ገብቶኛል። ሚስተር ኤልሮድም እዚህ ቆሞ ሰደበኝ፤ ‹ለምን ገባህ፣ አብደሃል?› አለኝ። ቸኮልኩ አልኩት።» ዓይኑን ጨፈነና ገለጠ። «ስለ ዓይንህ አልነገርኳቸውም። አይዞህ።»

«ስለ ምን ዓይኔ?»

«ኧረ በቃ ቨርሎን፣ ልጅ አይደለሁም። ከመጋቢት ጀምሮ ቃልህ ይዘገያል። መጀመሪያ ሬዲዮው ነው ብዬ አስቀየርኩት፤ አይደለም። ያ አደጋ ዓይንህን እንደጎዳው ገባኝ። ካወቁ ያወርዱሃል። መኪናውን ወስጄብህ፣ ጣሪያውንም ላስወስድብህ? ስለዚህ ዝም ብዬ ለመድኩት። ‹ጫፍ› ስትል አልፌያለሁ ማለት ነው፤ በ‹ጫፍ› እገባለሁ። ከሰኔ ጀምሮ ያሸነፍኩት ሁሉ እንደዚያ ነው።» በሕመሙ መሃል ፈገግ አለ። «ዛሬ ግን በሰዓቱ መጣች፤ አይደል? ግድግዳው ሲመታኝ ያሰብኩት እሱን ነው፤ ‹በሰዓቱ ነው የተናገረው› አልኩ። ተሻለህ እንዴ? ዓይንህ ተመለሰ? ንገረኝ፤ ከተሻለህ ለእጄ ግድ የለኝም።»

ፊቱ በርቶ ነበር፣ እንደ ልጅ። ቨርሎን «አዎ፣ ተሻለኝ» ቢል ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። ልጁ ያምነዋል፤ ያቅፈዋል በአንድ እጁ። ሰኞም ቻርሎት ይደውላል። ውሸቷ እዚያ አፉ ላይ ነበረች፣ ጣፋጭ ሆና።

«ዓይኔ ታሞ አያውቅም» አለ ቨርሎን።

«እህ?»

«ዓይኔ ደህና ነው። ሁልጊዜም ደህና ነበር። እያየሁ ነው ሳዘገይብህ የነበረው… አውቄ።»

ኮይ ነገሩ ወዲያው አልገባውም፤ ሲገባው ደግሞ ከፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ያ መብራት ከዓይኑ፣ ከዚያ ከአፉ ዙሪያ ጠፋ።

«ለምን?»

«ቀናሁብህ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ብፈልግም አላገኝም። ቀናሁብህ። ዛሬ ነው የተውኩት፣ ዛሬ ጠዋት። ነግሬህ ቢሆን… ሄይል ገና አልሄደም። አሁን ሄጄ ሁሉንም እነግረዋለሁ። ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ ይወቅ። ሚስተር ኤልሮድም ይወቅ፣ አገሩም ይወቅ።»

«ንገራቸው» አለ ኮይ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ቨርሎን ወደ በሩ ሄደ። እጁ መዝጊያው ላይ እንዳለ ከኋላው የኮይን ድምፅ ሰማ።

«ለእነሱ ትነግራለህ። ለእማዬስ?»

«ለእማዬ ምን?»

ኮይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ሚያዝያ ላይ ነገርኳት፤ ስለ ዓይንህ። ለማንም እንዳትናገር አስምዬ ነው የነገርኳት። ከዚያ ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ስምህን ሳትጠራ፣ ‹የልጄን ዓይን› እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው። ለእሷ ምን ብለህ ትነግራታለህ?»